አባቴ የጨመረለት ዕድሜ

አባቴ ለወንድሜ ለሌንጮ ዕድሜ እንደጨመረለት የሰማሁት ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ያናደደኝ ለእኔ አለመጨመሩ ነበር። ዛሬ የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ንዴቱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቆኝ አያውቅም፣ መልኩን ብቻ ነው የቀየረው።

ሰፈራችን ከሲኤምሲ አለፍ ብሎ ነው። በአንድ በኩል አጥራቸው ላይ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ቪላዎች፣ በሌላ በኩል የእኛ ጤፍ። የእኛ ስል አያቴ ያቀናው፣ አባቴ ያረሰው፣ በዚያ ዓመት ግን ለልማት ይፈለጋል ተብሎ በካስማ የተሸነሸነ መሬት ማለቴ ነው። አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ሲል ጣሪያችንን ሊነካ ምንም አይቀረው። በሰላሙ ቀን ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አባቴና እናቴ ሲጣሉ ግን አይጠብቁም። ስለዚህ በልጅነቴ የሰማኋቸው ጠቦች ሁሉ መሐል መሐላቸው የጎደለ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከኮሚቴ ስብሰባ ፊቱ በርቶ መጣ። እናቴ እልፍነሽ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እኔ አጠገቧ ጠጠሩን እየተቀበልኩ እወረውራለሁ።

«ለሌንጮ ዕድሜ ጨመርኩለት» አላት። «አለቀ። ተቀብለውኛል።»

«ያ ዋቃ! አንተ ዳጪ፣ ይሄ ልጅ እኮ ገና...»

አውሮፕላን መጣ። የእናቴ አፍ ሲንቀሳቀስ፣ እጇ ምስሩን ሲበትነው አየሁ። ድምፁ ሲያልፍ ተናጋሪው አባቴ ሆኖ ነበር።

«...ያልጨመረ የለም። የገሰሰ ልጆች ሦስቱም ተጨምሮላቸዋል። እኔ ብቻ ሞኝ ልሁን? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል አልሰማሽም?»

በዚያው ክረምት ትንሹ ወንድማችን ክርስትና ሳይነሳ ሞቶብን ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ እናቴን ሲስሟት «የሱን ዕድሜ ለእናንተ ያድርገው» ይሉ ነበር። ሰምቼያቸዋለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ሕፃኑ ሳይኖረው የቀረ ብዙ ዕድሜ አለ፤ አባቴ ኮሚቴ የሚባል ቦታ ሄዶ ተቀብሎታል፤ ሁሉንም ለሌንጮ ሰጠው። ለእኔ ቅንጣት አላስተረፈልኝም።

«ለእኔስ?» አልኩት ጃኬቱን ይዤ።

ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ደስ ይላል፤ ዛሬም ደስ ይላል፣ ይሄ ነው የሚያበሽቀው። «አንቺማ ትንሽ ነሽ። ላንቺ ብጨምር ማን ያምነኛል?» ብሎ ጉንጬን ቆነጠጠኝ። ያን ማታ ኩርፊያ ይዞኝ ራት አልበላም አልኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። መሬታቸው ለተወሰደባቸው ገበሬዎች ምትክ ቦታ ይሰጥ ነበር። ለአባት አንድ፣ አስራ ስምንት ዓመት ለሞላው ልጅ ደግሞ የራሱ ሌላ። ሌንጮ ያኔ አስራ ሦስት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ግን አባቴን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሰፈሩ ሁሉ ልጆቹን በአንድ ሳምንት አሳደጋቸው፤ አባቴም ወንድሜን አስራ ስምንት ብሎ አስመዘገበ፣ መታወቂያም አወጣለት። መሬታቸውን በቁራሽ ነጥቆ ለውሸት የገፋፋቸውን አሠራር አልምረውም። አባቴን ግን ከእሱ አስበልጬ ነው የምቆጣው፤ አሠራር አባት አይደለማ። ጨመረለት እና ጨመረበት በአማርኛ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። እኔ እስክለያቸው ዓመታት ፈጀብኝ፤ አባቴ ግን ያኔም ያውቃቸው ነበር።

ወንድሜ ንፁህ ነበር አልልም። እንዲህ የሚሉ እህቶችን አልወድም። ሌንጮና የጎረቤታችን የባለሱቁ የሀይደር ልጅ ካሊድ ከትምህርት ቤት እየፎረፉ በሚኒባስ ቦሌ መድኃኔዓለም ይወርዳሉ። እዚያ ሬስቶራንቶቹ በር ላይ ከቆሙ መኪናዎች ስፖኪዮ ይነቅላሉ። ካሊድ ሰው ያያል፣ ሌንጮ በካቻቢቴ ይፈለቅቃል። አንዴ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስፖኪዮ አምጥቶ ሰጠኝ። «መኪናው ሲያረጅ ይረግፋል» አለኝ፤ ሽማግሌ ጥርሱ እንደሚረግፍ ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ፊቴን ለሁለት ተከፍሎ እያየሁበት ሰነበትኩ።

ዕድሜው ከመጨመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ተይዞ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ልጅ ነው ተብሎ፣ ተመክሮ፣ ለአባቴ ተሰጠ። አባቴ በቀበቶ ገረፈው፤ እናቴ ጠበል አስጠመቀችው፤ ሦስት ሳምንት ጨዋ ሆኖ ተመልሶ ሄደ።

ሦስተኛው ጊዜ የከፋ ነበር። የመኪናው ባለቤት ዘርአጽዮን የሚባል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ጭነት ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። ከምሳ ሲወጣ ደረሰባቸው። ሌንጮን አንገቱን ሲይዘው፣ ሌንጮ በያዘው ካቻቢቴ ክንዱን ወጋው። ሰውየው ዛሬም ሁለት ጣቱን በደንብ አያጥፍም። ክሱ ስርቆት መሆኑ ቀርቶ ከባድ ውንብድና ተባለ።

ካሊድ ሆስፒታል የተወለደ ልጅ ነው፤ የልደት ማስረጃው ላይ አስራ አራት ዓመት ከምናምን ወር ይላል። ጉዳዩ ለብቻው በልጆች ችሎት ታይቶ፣ በየወሩ እየቀረበ እንዲጠየቅ ተብሎ ለእናቱ ተሰጠ። ሌንጮ ከእሱ በወራት ያንሳል። መታወቂያው ግን አስራ ዘጠኝ ገብቷል አለ። ሌንጮ ጣቢያ ላይ «አስራ አራቴ ነው» ቢል መርማሪው «ስትያዙማ ሁላችሁም አስራ አራት ናችሁ» ብሎ ሳቀበት።

ካሊድ በተለቀቀ ማግስት እናቱ እትዬ ፈቲያ ቤታችን መጣች። ቁጭ በይ ብትባል እምቢ አለች።

«ዳጪ፣ ልጅህን አውጣው» አለችው።

«እንዴት አድርጌ?»

«እንዴት አድርጌ ይላል! ሄደህ ዕድሜውን ተናገራ! እልፍነሽ ስትወልደው ካሊድን አዝዬ አይደል ወይ አራስ የጠየቅኩት? ገንፎውን ቁጭ ብዬ ስበላ ካሊድ ጀርባዬ ላይ ሲያለቅስ አባብለኸው የለ? አስራ አምስት ካልሞላው እኮ እንደ ልጅ ነው የሚያዩት። ወላሂ ከፈለግክ እኔ እመሰክራለሁ።»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። «ዕድሜው የተጨመረ ነው ካልኩ ቦታው ይሄዳል። የሱም፣ የኔም። እኔንም ይከሱኛል። ከዚያ እነዚህን የት ልጣላቸው?» አለ። እነዚህ ያለው እናቴንና እኔን ነው።

«ቦታ ይበልጣል ልጅ?»

 እኔ በልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ። እትዬ ፈቲያ የሌንጮን ዕድሜ መልሱ እያለች ነበረቻ! ዕድሜው ከተመለሰ እንደ ሕፃኑ የሚሞትብን መሰለኝ። ስትወጣ ደህና ዋይ አላልኳትም።

እሁድ ያ ለሦስቱም ልጆቹ ዕድሜ የጨመረው ጋሽ ገሰሰ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ነጠላቸውን አጣፍተው በረድፍ ተቀመጡ። ለጸሎት የመጡ መሰሉኝ።

«ዳጪ» አለ ጋሽ ገሰሰ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ያንተ አፍ የአንተ ብቻ አይደለም። የሌንጮ ዕድሜ ከተመረመረ የሁላችንም ልጅ ይመረመራል። ሠላሳ ቤት ነው የሚፈርሰው። የታሰረ ይፈታል፤ መሬት ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። ዝም አይነቅዝም።»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ወንዶች ሲነጋገሩ ስትገባ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት። «የናንተ ልጆች እቤታቸው ናቸው፣ ጋሽ ገሰሰ። የእኔ ከወንበዴ ጋር ነው የሚተኛው» አለች።  አባቴ «እልፍነሽ!» አላት። ተመልሳ ገባች። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ለሌንጮ ዕድሜ ይጨምርለት» አሉ፤ እኛም አሜን አልን። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ያለው ጋሽ ገሰሰ ሦስቱንም ልጆቹን በሦስቱም ቦታ ላይ ድሯል። ሲያገኘኝ ዛሬም «የኔ ልጅ» ይለኛል። ሰላም እለዋለሁ፤ ሰላም ያልኩበትን አፌን ግን አልወደውም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ስንቅ ይዞ ብቻውን ጣቢያ ሄደ። ሲመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችው። «ነግሬዋለሁ» አላት። «ገብቶታል። ልጄ ወንድ ነው።»

የችሎቱ ቀን እናቴ የክት ቀሚሴን አለበሰችኝ። ዳኛዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ነበረች። ሌንጮ ሲገባ ፀጉሩ ተላጭቶ ጆሮው ትልቅ ሆኖ አየሁት። ካቴናው ሲፈታለት የእጁን አንጓ በሌላው እጁ አሸት አሸት አደረገ። ፈገግ አልኩለት፤ እሱም ፈገግ ሊል ብሎ ፖሊሱን ሲያይ ተወው።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ የሚሳፈርበት ሚኒባስ እንዳያመልጠው ይመስል ያነባል። «ተከሳሹ ደጋሚ ነው» ሲል ክው አልኩ። ሌንጮ ስድስተኛ ክፍል ደግሟል፤ ይህ እንግዳ ፊት የማይነሣ የቤታችን ገመና ነው። «ማን ነገራቸው?» አልኳት እናቴን በጆሮዋ። እጄን ጨመቀችው።

ደጋሚነቱን የቆጠሩት በእነዚያ ሁለት ጊዜዎች ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ልጅ ነህ ብሎ የመለሰው ያው ፍርድ ቤት ነው። ልጅ የነበረ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት አስራ ዘጠኝ ሊገባ እንደቻለ የጠየቀ አንድ የተማረ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ጥፋቱን ለመደመር ያየውን ዓይን ዕድሜውን ለመቁጠር ጨፈነው።

ዘርአጽዮን ክንዱ በፋሻ ተጠምጥሞ መሰከረ። «የወጋኝ እሱ ነው» አለ። ሊቀመጥ ብሎ ደግሞ ቆም አለ። «ክብርት ዳኛ፣ ተናድጃለሁ። ካሳዬንም እፈልጋለሁ። ግን ያን ቀን አንገቱን ስይዘው የያዝኩት ሕፃን ልጅ ነው የመሰለኝ። የኔን ታላቁን ልጅ ያህላል፤ የኔው ስምንተኛ ክፍል ነው።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «አባት አለ?»

አባቴ ቆቡን ይዞ ተነሣ።

«ልጅዎ ዕድሜው ስንት ነው?»

«መታወቂያው ላይ ያለው ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«መታወቂያውን አይቼዋለሁ። የጠየቅኩት እርስዎን ነው።»

 እናቴ ልትነሣ ስትል የነጠላዋን ጫፍ አባቴ ረግጦት ነበር። አውቆ ይርገጠው ሳያውቅ፣ ይኸው እስከዛሬ አልነገረኝም።

«አስራ ዘጠኝ» አለ።

«ውሸት ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እትዬ ፈቲያ ቆማለች። ሻርፗ ከራሷ ወርዷል። «ወላሂ ውሸት ነው! ልጄን አዝዬ ነው የዚህን ልጅ አራስ የጠየቅኩት! የኔ ልጅ እቤቱ ገብቶ ይሄ እንዴት ይታሰራል? ዳጪ፣ ከአላህ አትፈራም?»

«ሥርዓት ይከበር! ሴትዮዋን አስወጧት» አለች ዳኛዋ። ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ሲያስወጣት «አንቺ እልፍነሽ፣ አንቺ እንኳ ተናገሪ!» ትል ነበር። በሩ ተዘጋ።

ዳኛዋ ወደ ሌንጮ ዞረች። «አንተስ? ዕድሜህ ስንት ነው?»

ሌንጮ አባቴን አየው። አባቴ ቆቡን ያያል። 

«አስራ ዘጠኝ» አለ።

የሌንጮን ዕድሜ ሊወስዱበት ሞክረው አቃታቸው ብዬ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ላጨበጭብ እጄን ሳነሣ እናቴ ያዘችኝ።

ያቺ ዳኛ ሐኪም ዘንድ ልትልከው ትችል ነበር። አጥንቱ ይታይ፣ ጥርሱ ይታይ ልትል ትችል ነበር። መነጽሯን ያወለቀችው ጠርጥራ ነው፤ ልጅ መሆኑን አይታለች፣ የተወጋው ሰውም አይቷል። ግን አባቱ አስራ ዘጠኝ ካለ፣ ራሱ አስራ ዘጠኝ ካለ፣ እሷ ምን ቸገራት? መነጽሯን መልሳ አድርጋ ጻፈች። ክፉ ሴት አትመስለኝም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዘጠኝ ዓመት። ይህም የሚጨመርለት መሰለኝ። በአስራ ዘጠኝ ላይ ዘጠኝ በጣቴ ደምሬ ሃያ ስምንት ደረስኩ፤ ሌንጮ ከዚያ ወዲያማ አይሞትም አልኩ። እናቴ ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ስትወድቅ፣ ሌንጮን በሌላ በር ሲያስወጡት፣ እሱም ወደኋላ ዞሮ «እማዬ» ሲል ነው የጣቴን ቁጥር የተውኩት።

ስድስት ዓመት ታስሮ በአመክሮ ወጣ። ስድስቱንም ዓመት ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነበር። እዚያ ምን እንዳደረጉት አልነገረንም። የፊት ጥርሱ ሁለቱ የሉም። ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ለመሄድ ያስፈቅድ ነበር፤ እናቴ ይህን ባየች ቁጥር ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትከታለች። አባቴ በግ አረደለት። በሌንጮ ስም በተገኘው ቦታ ላይ የሠራውን፣ ፎቁን ያከራየውን ቤት እየዞረ አሳየው። «ይሄ ሁሉ ያንተ ነው» አለው። ሌንጮ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «ጥሩ ነው» አለ።  እኔ ያኔ አስራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጨመረለት ያሉት ምን እንደሆነ እናቴ አንድ በአንድ ነግራኝ ጨርሳ ነበር። ሌንጮ ሲፈረድበት እኔን ያህል እንደነበር ሳስበው የበጉን ሥጋ መዋጥ አቃተኝ።

ካሊድ ያኔ የአባቱን ሱቅ ይዞ ነበር። ሌንጮን አቅፎት አለቀሰ። «ሁለታችንም ነበርን እኮ» ይለው ነበር ደጋግሞ። እትዬ ፈቲያ በሩ ጋ ቆማ አባቴን ሰላም ሳትለው ሄደች። በዚያ ግቢ ውስጥ የማከብረው እሷን ብቻ ነበር።

መስከረም ላይ ሌንጮ ያቋረጠውን ሰባተኛ ክፍል በማታ ልማር አለ። ሊመዘገብ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ሰልፍ መቆም ይፈራ ነበር። ብዙ ሰው አለ፤ የቤት ሠራተኞች፣ ዘበኞች፣ የሊስትሮ ልጆች። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢዋ ከመስኮቱ ውስጥ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ስም?»

«ሌንጮ ዳጪ።»

«ዕድሜ?»

 ሌንጮ ወደ እኔ ዞረ። «ስንት ልበል?» አለኝ።

እየቀለደ መስሎኝ አየሁት። አልነበረም። የትኛው ቁጥር ሰው እንደሚያስቀጣ፣ የትኛው እንደማያስቀጣ ነበር የሚጠይቀኝ።

«እውነቱን ነዋ! ሃያ በላት» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ቀረበ። «እሱን ካልኩ አባባን ያስሩታል?»

«ይሰሩት!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አላፈርኩም። «ይሰሩት ሌንጮ! የጨመረብህን ዕድሜ ለራሱ ያድርጉት! አንተ ሃያ ዓመትህ ነው፣ ሃያ!»

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን መስኮቱ ላይ አንኳኳች። «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል። ስንት ልጻፍ?»

ሌንጮ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ትንሽ ሳለሁ ሳለቅስ እንደሚያደርገው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዝቅ አለ።

«ሃያ አምስት» አላት።